ከከተማ ዳር የቤተሰብ ቤት ስንከራይ

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ስብሰባ ላይ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ቀን ጉብኝት ስለሚወስኑት፣ ውጤቱን ግን ለዓመታት ስለሚኖሩበት ጉዳይ ነው። ልጆች ያሉት፣ ምናልባትም አረጋዊ ወላጅ አብሮት የሚኖር ቤተሰብ ጠባቡን የመሃል ከተማ መኖሪያ ለቆ ከከተማው ዳር ሦስት ወይም አራት መኝታ ክፍል ያለው ቤት ለመከራየት ሲነሳ ምን ማየት፣ ምን መጠየቅና ምን በጽሑፍ ማስፈር እንዳለበት ላነሳ እወዳለሁ።

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር እንዲህ ያለ ቤት ተከራይተን ነበር። ቤቱን ያየነው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታዋለች፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ልጆቹም ግቢውን ሲያዩ ለሩጫ ቦታ አላነሳቸውም። በዚያው ዕለት ቀብድ ከፈልን። በሦስተኛው ወር፣ ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀመሩ፤ ምክንያቱን ስፈልግ የልብሳቸውን ቁም ሣጥን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግሁት። ጀርባው ከላይ እስከ ታች በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው አዲሱ ቀለም እንደ ረጠበ ወረቀት ተሸብሽቦ ተላጠ፤ ከሥሩ የቀድሞው ቀለም ወጣ፣ በእርሱም ላይ የቆየ ሻጋታ ነበረበት። እኛ ባየንበት እሑድ ያ ቀለም ገና በወጉ አልደረቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤት ለሚፈልግ ወዳጅ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ቤተሰብ ቤት ሲከራይ በዚያ ቤት የሚያሳልፈውን ተራ ቀን መከራየቱ ነው፤ ስለዚህ ቤቱን ማየት ያለበት በዚያ ተራ ቀን፣ ይልቁንም ከቤተሰቡ መካከል ምርጫው ላይ እምብዛም በማይጠየቀው ሰው ቀን በኩል ነው። በእኛ ቤት ያልተጠየቁት እናቴ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ክፍል የሚቀመጡት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አስቀድመን ኪራዩን እንመልከት። ከመሃል ከተማ በራቅን ቁጥር ተመሳሳይ ቤት የሚረክስበት ምክንያት በደንብ ተጠንቷል። ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ዮሐን ሃይንሪኽ ፎን ቱነን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1826 ባሳተመው ሥራ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መሬት ከገበያ በራቀ መጠን ምርቱን የማጓጓዣው ወጪ የመሬቱን ኪራይ ዝቅ እንደሚያደርገው አሳየ። የከተማ ኢኮኖሚ ተመራማሪው ዊልያም አሎንሶ ደግሞ በ1964 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ከተማ አምጥቶ፣ ሰዎች ለመሃል ከተማ ቅርበት ሲሉ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሚሆኑ ተነተነበት። በቀላል አነጋገር፣ የመንገዱ ወጪ ከኪራዩ ላይ አስቀድሞ ተቀንሷል ማለት ነው። ይህ የተቀነሰው ገንዘብ ተከራዩ ኪስ ውስጥ የሚቀር ይመስላል እንጂ አይቀርም፤ በየማለዳው በነዳጅ፣ በመጓጓዣ ሒሳብና ከሁሉም በላይ በጊዜ መልክ ይወጣል።

ጊዜውን አስሉት። አዲሱ ቤት ከቀድሞው ይልቅ በመሄጃ 40 ደቂቃ፣ በመመለሻም 40 ደቂቃ የሚጨምር ከሆነና በወር 22 የሥራ ቀን ካለ፣ ጭማሪው ከ29 ሰዓት በላይ ነው። ይህም በየወሩ ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይበልጣል፤ የሚወሰደውም ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ከወላጅ ጋር ከሚያሳልፉት ከዚያች አጭር የምሽት ሰዓት ላይ ነው። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ በ1994 ባወጣው ጽሑፍ፣ የመጓጓዣው ዓይነትና ዘመኑ ቢለያይም ሰዎች በቀን ለጉዞ የሚያውሉት ጊዜ በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖ እንደሚገኝ ገልጿል። አማካይ ቁጥር በመሆኑ ለእያንዳንዱ ሰው ሕግ ባይሆንም፣ ከዚያ እጅግ የራቀ መንገድ የሚመርጥ ቤተሰብ ብዙዎች ሊሸከሙት ያልፈለጉትን ሸክም እያነሳ መሆኑን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ አሎይስ ሽቱትሰርና ብሩኖ ፍራይም በጀርመን የተሰበሰበ የብዙ ዓመታት መረጃ መርምረው በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። የረከሰው ኪራይ ወይም የተሻለው ደመወዝ የመንገዱን ድካም ይክሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያልጠበቀው ውጤት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ ምክር ላንሳ። “ከገቢህ ከ30 በመቶ በላይ ለኪራይ አታውጣ” ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው። ይህ መለኪያ ግን ስለ ቤተሰብ ኑሮ ከተደረገ ምርምር የተገኘ አይደለም። በአሜሪካ በ1969 የወጣውና በሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ስም የሚጠራው የሕግ ማሻሻያ፣ በመንግሥት ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ኪራይ ከገቢያቸው 25 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በ1981 ደግሞ ጣሪያው ወደ 30 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ከመንግሥት ቤቶች አልፎ የሁሉም ሰው መመዘኛ እየሆነ ሄደ። ለዳርቻ ቤት ይህ መመዘኛ በተለይ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ኪራዩን ብቻ መዝኖ መንገዱን ይተዋል። በቺካጎ የሚገኘው የአካባቢ ቴክኖሎጂ ማዕከል ኪራይና መጓጓዣን አንድ ላይ ደምሮ፣ ሁለቱ በአንድነት ከገቢው ከ45 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል መመዘኛ ያቀረበው ይህንኑ ጉድለት አይቶ ነው። ቁጥሮቹ ከአገር አገር፣ ከገቢ ገቢ ይለያያሉ፤ እኔ ግን ሁለቱን አብሮ የመደመሩን ልማድ አጥብቄ እመክራለሁ። በተለይ ለሁለተኛ መኪና የሚያስገድድ ቤት ከሆነ፣ የመኪናውን ወርኃዊ ወጪ ከኪራዩ ሥር ጽፋችሁ ደምሩት።

አሁን ወደዚያ ወደማይጠየቀው ሰው ልመለስ። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ክላረንስ ፔሪ በ1929 መልካም የመኖሪያ ሰፈር ምን መምሰል እንዳለበት ሲነድፍ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ከመሃል አስቀመጠ፤ ልጆች ዋና መንገድ ሳያቋርጡ፣ ከ400 ሜትር ብዙም በማይርቅ መንገድ በእግራቸው እንዲደርሱ፣ ከባዱ ትራፊክም በሰፈሩ ዳር ዳር እንዲያልፍ አሰበ። ንድፉ በኋላ ዘመን ብዙ ተተችቷል። ነገር ግን ከአንድ ልጅ እግር ተነስቶ ሰፈርን መለካቱ እስከ ዛሬ ለቤት ፈላጊ የሚሠራ መለኪያ ነው። ስለዚህ የምትከራዩትን ቤት ካያችሁ በኋላ ወደ መኪናችሁ አትመለሱ። ከበሩ ተነስታችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ እስከ መጓጓዣ ፌርማታውና እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያ በእግራችሁ ሂዱ፤ ቢቻል ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። የእግረኛ መንገዱ በየት እንደሚቋረጥ፣ መብራት በሌለው በየትኛው ጥግ ማለፍ እንዳለባችሁ፣ ከአጥር ሥር የሚወጣ ውሻ መኖር አለመኖሩን ከካርታ ላይ አታገኙትም። የአሥር ዓመት ልጅ ያለ አጃቢ የሚሄድበት ቦታ የሌለው ሰፈር፣ ግቢው ቢሰፋም፣ ወላጁን የሙሉ ቀን ሹፌር ያደርገዋል። አረጋዊ ወላጅም እንዲሁ ነው። መኪና የማይነዳ ሰው ከዳርቻ ቤት ውስጥ በቀላሉ ይታሰራል፤ እናቴ በዚያ ቤት በኖርንባቸው ወራት በራሳቸው ፈቃድ ከግቢ የወጡባቸውን ቀናት በጣቶቼ ልቆጥራቸው እችላለሁ፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። ቤት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታይ። አንዱ ጉብኝት በሥራ ቀን ማለዳ ወይም ምሽት ይሁን፤ የመንገዱ ጩኸት፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ የመኪና ማቆሚያ ጥበት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሌላው ከዝናብ በኋላ ቢሆን እጅግ መልካም ነው። የእርጥበት ነገር ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ በረጠቡና በሻገቱ ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። እርጥበት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ አግድም የእርጥበት መስመር፣ አንዳንድ ጊዜም ነጭ የጨው ብናኝ ግድግዳው ላይ ይተዋል። ከጣሪያ የሚወርደው ኮርኒሱ ላይ ዙሪያው የጠቆረ፣ መሃሉ የፈዘዘ ክብ ምልክት ያሳያል። ሦስተኛው ከቤቱ ውስጥ ከትንፋሽ፣ ከማብሰልና ከልብስ ማድረቅ የሚመጣው እንፋሎት ሲሆን፣ በቀዝቃዛው የውጭ ግድግዳ፣ በማዕዘንና ከቁም ሣጥን ጀርባ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ቁም ሣጥኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ዕቃ ካለ ፈቀቅ እንዲደረግላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ የታችኛውን የግድግዳ ክፍል በመዳፋችሁ ዳብሱት። አንድ ክፍል ብቻ፣ ያውም አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ውሃውን ፈትኑ። ቤተሰብ ማለዳ ላይ ውሃን በአንድ ጊዜ ነው የሚፈልገው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ጥርሱን ይፋቃል፣ ማብሰያ ቤትም ዕቃ ይታጠባል። ስለዚህ የመታጠቢያ ቤቱንና የማብሰያ ቤቱን ቧንቧ አብራችሁ ከፍታችሁ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚወድቅ ተመልከቱ። ቀጥላችሁ ሁሉንም ዘግታችሁ ወደ ውሃ ቆጣሪው ሂዱ። ምንም ውሃ ሳይቀዳ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር የምትዞር ከሆነ፣ የማይታይ ፍሳሽ አለ ማለት ነው፤ ሒሳቡም በስማችሁ ይመጣል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በዓመት 11,000 ሊትር ገደማ ውሃ ያባክናል። ፍሳሹ ወደ ከተማው መስመር የሚገባ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ ወዳለ ጉድጓድ? ጉድጓድ ከሆነ መጨረሻ የተመጠጠው መቼ ነበር፣ ወጪውስ የማን ነው? ከከተማ ዳር ይህ ጥያቄ ከመኝታ ክፍሎቹ ብዛት የማይተናነስ ክብደት አለው።

መብራቱን በሚመለከት፣ ቆጣሪው የእናንተ ብቻ መሆኑን፣ ቀሪ ዕዳም የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ብሬከሩ የሚወድቅ ከሆነ መስመሩ የቤተሰብን ጭነት አይችልም። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተገጥሞ ካገኛችሁ ግን ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣበትን ቱቦ ሳታዩ ልጅ አታስገቡበት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁና ቤቱ አሮጌ ከሆነ የሚላጠውን ቀለምም ተጠንቀቁ። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ ሌሎች አገሮች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከልክለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ለልጅ ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን የለም። መስኮት ደፍ ላይ ተላጥቶ የተከማቸውን ቀለም የሚያገኘው ገና የሚድኸው ልጅ ነው።

የክፍሎች ብዛትም ብቻውን አያታልላችሁ። አራት መኝታ ክፍል ያለው፣ ነገር ግን አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ የሚታለፍበት ቤት ለቤተሰብ ሦስት ክፍል ነው። ስድስት ሰው በአንድ መታጠቢያ ቤት ስንት ሰዓት ይነሳል? አያት የሚተኙበት ክፍል ደረጃ ሳይወጣ ሽንት ቤት ያገኛል ወይ?

ይህ ሁሉ ካማራችሁ በኋላ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ በ1991 በቂ መኖሪያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ከቤት በዘፈቀደ ያለመባረርን ዋስትና ነው። ልጅን ትምህርት ቤት ያዛወረ ቤተሰብ የዚህን ትርጉም ያውቃል። ስለሆነም ስለ ኪራዩ መጠን ከመከራከራችሁ በፊት ስለ ጊዜው ተነጋገሩ፤ እኔ በበኩሌ ኪራዩ ጥቂት ከፍ ቢልም፣ ውሉ ከትምህርት ዓመቱ ማብቂያ ጋር የሚገጥምና የሚታደስበት ሁኔታ በግልጽ የተጻፈበትን ቤት እመርጣለሁ። ኪራይ የሚጨምረው በስንት ጊዜ፣ በምን ስሌትና ምን ያህል አስቀድሞ በሚሰጥ ማስታወቂያ እንደሆነ ይጻፍ። ባለቤቱ ቤቱን ቢሸጥስ? በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት ሲሸጥ ገዢው ውሉን ይረከባል እንጂ ተከራዩ አይወጣም፤ ይህ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የምትኖሩበትን አገር ሕግ አጣርታችሁ፣ ሕጉ ዝም ካለም በውሉ ውስጥ አስገቡት። የሚያከራያችሁ ሰው የቤቱ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑን ሰነዱን ሳታዩ አትፈርሙ፤ ደላላው የቱንም ያህል ቢያጣድፋችሁ ይህን አትለፉት። በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ስማቸው በውሉ ላይ ይስፈር፤ በኋላ “አያት ሲኖሩ አልተስማማሁም” የሚል ክርክር እንዳይነሳ።

የጥገናው አንቀጽ ብዙውን ጊዜ “ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ነው” በሚል አንድ መስመር ያልፋል። ጥቃቅን የቱ ነው? የቧንቧ ጎሚኒ መቀየር ጥቃቅን ነው፤ ከግድግዳ ውስጥ ያለ ቱቦ መፈንዳት አይደለም። ጣሪያ፣ መዋቅር፣ ዋና የመብራትና የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የአከራይ መሆናቸው በስም ይጠቀስ፤ ብልሽት በተነገራቸው በስንት ቀን እንደሚያስጠግኑም ይጻፍ። ለአከራይ በመያዣነት የሚሰጠውን ገንዘብ በተመለከተ አገሮች የተለያየ መንገድ ይከተላሉ። በእንግሊዝ ከ2007 ጀምሮ በአብዛኞቹ የመኖሪያ ኪራዮች አከራይ የተቀበለውን መያዣ በመንግሥት በጸደቀ የጥበቃ ሥርዓት ሥር ማስመዝገብ አለበት፤ በጀርመን ደግሞ መያዣው ከሦስት ወር መሠረታዊ ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌለበት፣ መያዣው ምን ምን ሲሆን እንደሚቀነስና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ውሉ ራሱ መናገር አለበት።

የእኛን መያዣ አላገኘንም። ቤቱን በለቀቅንበት ቀን አከራያችን የእናቴን ክፍል ግድግዳ ተመልክተው “መስኮት ስለማትከፍቱ ነው የሻገተው” አሉን። ቅድም እንዳልሁት እንፋሎት በእርግጥ ሻጋታ ያመጣልና ነገሩ ከመሠረቱ የማይሆን ክስ አልነበረም። ከእኛ በፊት የነበረውን ሻጋታ አይቼዋለሁ፤ ሆኖም የላጥሁትን ቀለም ጠርጌ ጥዬዋለሁ፣ ስንገባም የተፈራረምነው የርክክብ ወረቀትም ሆነ የተነሳ ፎቶግራፍ የለንም፤ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቤት ዕቃ ከማስገባታችን በፊት ታላቋ ልጄ በስልኳ እያንዳንዱን ክፍል ከበሩ ጀምራ በቀኝ እየዞረች አነሳች፤ ኮርኒሱን፣ የመስኮት ደፎቹን፣ የቁም ሣጥኖቹን ውስጥ፣ የመታጠቢያ ገንዳውን ስንጥቅ። የውሃና የመብራት ቆጣሪዎቹን ቁጥር፣ የተረከብናቸውን አምስት ቁልፎች፣ ሳሎን ውስጥ የተሰበረችውን አንዲት የወለል ንጣፍ በሁለት ገጽ ጽፈን ከአዲሱ አከራያችን ጋር ተፈራረምን፤ ፎቶግራፎቹንም በዚያው ምሽት ላክንላቸው። ክፍላቸውን በዚህ ጊዜ የመረጡት እናቴ ራሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትንና በረንዳው ላይ ሆነው መንገደኛ የሚያዩበትን ምድር ቤት ያለውን ክፍል። አራት ዓመት ኖርንበት። ስንወጣ አከራያችን ማብሰያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ገጾች ከቤቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ የተሰበረችው ንጣፍ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው “ይቺስ ስትገቡም ነበረች” አሉና መያዣውን ሳያጎድሉ ቆጥረው ለባለቤቴ ሰጧት።